ፎም ቦርድ፣ ቀርከሃና የጫማ ሰፊ ክር፦ ድርብ ክንፍ የሪሞት አውሮፕላን በድሬዳዋ ሠርቶ ማብረር

ድርብ ክንፍ የሪሞት አውሮፕላን ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተር ነው፤ ስንት ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር)፣ ስንት አምፔር። ሞተሩ ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ ገንዘብ ካለ ይገዛል። የማይገዛው የሁለቱ ክንፎች አያያዝ ነው። ሁለቱን ክንፎች በሚያያይዙት ቋሚዎች መካከል ተሻግረው የሚታዩትን ክሮች ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስሉታል፤ አንዳንዱም ላስቲክ ወጥሮ «የድሮ መልክ ሰጠሁት» ይላል። እዚህ የምታነቡት መመሪያ ዋና ጉልበቱን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱን ቀድመን እንወቅ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ድርብ ክንፍ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች ሁለት ክንፍ የደረቡት ስላማረባቸው አይደለም። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ ቀጭን ክንፍ ብቻውን ሲዘረጋ ይታጠፋል። ሁለቱን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጎ በቋሚና በሰያፍ ሽቦ ሲያስሯቸው ግን እንደ ቤት ጣሪያ ካፕሪያታ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ቀላል ሆኖም አይታጠፍም። ዋጋው አለው፤ ሁለቱ ክንፎች አንዱ የሌላውን አየር ይረብሻሉ፣ ቋሚና ሽቦውም አየሩን ይይዛል። ስለዚህ ድርብ ክንፍ ቀርፋፋ ነው፤ ስሮትል (የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ) ሲዘጋም ቶሎ ፍጥነቱን ይጥላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ማሳረፉ ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

ፈቃዱ ይቅደም

ሙጫ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። አገራችን ውስጥ ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርምም፤ ጉዳዩም የሚታየው ሁላችንም ኢንሳ በምንለው በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። «የኔ ካሜራ የለውም፣ መጫወቻ ነው» የሚል ክርክር ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ አያዋጣም፤ ሪሞትና ሞተር ያለው የሚበር ዕቃ ለሚያይ ሰው ያው ድሮን ነው። ድሬ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያም የአየር ኃይልም ያለባት ከተማ ናት። ስለዚህ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ያዙ፣ የምታበሩበት አካባቢ ቀበሌና ፖሊስም ይወቁ። የወረቀቱን ኮፒ ከባትሪው ጋር በአንድ ቦርሳ አድርጉት፤ ያለ ባትሪ ከቤት ስለማትወጡ ያለ ወረቀትም አትወጡም።

ፈቃዱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ፎም መቁረጥ ማንንም አያሰጋም፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሪሞት አውሮፕላን ሲሙሌተር ጭናችሁ በየማታው ጣታችሁን አለማምዱ። ሲሙሌተር ላይ ሰባብራችሁ የምትማሩትን ሜዳ ላይ ሰባብራችሁ ልማረው ብትሉ ኪሳችሁ አይችለውም።

ዕቃው ከየት ይገኛል

ባለ 5 ሚሊሜትር ፎም ቦርድ ማስታወቂያ የሚሠሩና ባነር የሚያትሙ ቤቶች ይኖራቸዋል። 70 በ100 ሴንቲሜትር የሆነውን ሁለት ሉክ ውሰዱ፤ አንዱ በጥንቃቄ ከተቆረጠ ይበቃል፣ ሁለተኛው ለማበላሸት ነው። የቀርከሃ ስንጥር፣ የአይስክሬም እንጨት፣ የእንጨት ኮላ፣ ሆት ግሉ፣ ከተር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ለማሽከርከሪያ ዘንግ የሚሆን የሳይክል ራጂ፣ ይህ ሁሉ ከድሬ ገበያዎች፣ ከቀፊራና ከታይዋን፣ ይገኛል። ለክሩ ጫማ ሰፊ የሚሰፋበትን ጠንካራ ክር ጠይቁ፤ ሐረር ያላችሁ ደግሞ መኪና ግርግር ወርዳችሁ ልብስ ሰፊዎቹን ብትጠይቁ የማይለጠጥ የፖሊስተር ክር በየዓይነቱ ታገኛላችሁ። የዓሣ ማጥመጃ ክር አትግዙ። ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክር ደግሞ ክንፍ አይዝም።

ኤሌክትሮኒክሱ ነው አስቸጋሪው። የሚያስፈልገው 2212 የሚባለው ብሩሽ አልባ ሞተር በ1000 ኬቪ፣ ባለ 30 አምፔር ስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር)፣ 10 በ4.5 ኢንች ፕሮፔለር፣ አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን የሚያዞር ትንሽ ሞተር)፣ ቢያንስ አራት ቻናል ያለው ሪሞት ከነሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው ጋር)፣ ባለ ሦስት ሴል 2200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ እና ሴሎቹን የሚያመጣጥን ቻርጀር ነው። ሰርቮዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ አገር ውስጥ አይጠፉም። ሌላውን ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስያዝ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ያኔ ፈቃዱ ይቅደም ያልኩት ይገባችኋል። ሊፖ ባትሪ በሻንጣ ተጭኖ አይሄድም፤ መንገደኛው በእጁ ይዞት ነው የሚሳፈረው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከድሮ ላፕቶፕ የወጡ ክብ የሊቲየም ሴሎችን በካውያና በስታኞ ገጣጥሞ ባትሪ ልሥራ የሚል ሰው አይጠፋም። ለመብራትና ለስፒከር ይሆናሉ። ይህ ሞተር ሙሉ ስሮትል ላይ ከ15 አምፔር በላይ ይስባል፤ የላፕቶፕ ሴል ያንን አይሰጥም፣ ቢሞክርም ይግላል።

ክንፎቹ

ላይኛው 90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ታችኛው 80፤ ሁለቱም ወርዳቸው 18 ሴንቲሜትር። 90 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ሳይፈታ ከነክሩ በባጃጅ የኋላ ወንበር ይገባል። በስተታች በኩል ያለውን የፎም ቦርዱን ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ ላጡት። የላይኛው ወረቀት ይቅር። ከዚያ ፎሙን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ ጎትታችሁ ወደ ታች አጉብጡት። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አምስት ስድስት ጊዜ እየደጋገማችሁ።

ጉብጠቱን የሚይዙት ከሥሩ የሚለጠፉ ጎድኖች ናቸው። ከፎም ቦርድ ትራፊ 18 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ሥሩ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ከፊት ጠርዝ 6 ሴንቲሜትር ላይ 11 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጫፍ የሚወርድ ቅርጽ ቁረጡ። አንዱን በካርቶን አሳምራችሁ ሥሩና ሌላውን ሁሉ በእሱ ቅዱ፤ በዓይን ግምት የተቆረጠ ጎድን ክንፉን ያጣምመዋል። ለላይኛው ክንፍ በየ15 ሴንቲሜትሩ ሰባት ጎድን። ለታችኛው በግራም በቀኝም ከመሐል በ4፣ በ15፣ በ30 እና በ40 ሴንቲሜትር ላይ። ከፍታው ባለበት መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የቀርከሃ ስንጥር በእንጨት ኮላ አጣብቁ፤ ያ የክንፉ ወገብ ነው። 30 ሴንቲሜትር ላይ ባሉት ጎድኖች ጎን የአይስክሬም እንጨት ጨምሩ፤ ቋሚዎቹም ክሮቹም የሚታሰሩት እዚያ ስለሆነ።

የታችኛው ክንፍ ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሐል ላይ ይገናኛል፤ ጫፎቹ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ይበሉ። ላይኛው ቀጥ ይበል። ኤለሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፍ ክፍል) ታችኛው ክንፍ ላይ ብቻ ይበቃል፤ ከመሐል ከ15 እስከ 38 ሴንቲሜትር፣ የኋላውን 4.5 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ በፕላስተር እንደ ማጠፊያ መልሳችሁ ያዙት።

ሙጫ ላይ ሁለት ነገር። ተራ ሱፐር ግሉ የፎሙን ውስጥ ይበላዋል፤ ስፕሬይ ቀለምም እንደዚያው። በግድግዳ የውሃ ቀለም፣ በቀጭኑ፣ ቀባቡ። ሆት ግሉ ደግሞ በድሬ ፀሐይ አይታመንም፤ ግንቦት ላይ ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሞዴል መጋጠሚያው ይለሰልሳል። ለሞተር ማሰሪያውና ለቋሚዎቹ እግር የእንጨት ኮላ ወይም ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ተጠቀሙ፣ ቀለሙም ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን። ነጩ ላይ ቀይ መስመር ብትጨምሩ ሰማይ ላይ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ይለያል።

አካሉና ጅራቱ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። 80 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 8 ወርድ፣ 9 ቁመት ያለው ሳጥን ነው፤ ከክንፉ ኋላ ወደ ጅራት እየጠበበ ይሄዳል። ከላይኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ እስከ አፍንጫ 12 ሴንቲሜትር ተዉ። አግድሙ ጅራት 40 በ15፣ የኋላው 5 ሴንቲሜትር ኤሌቬተር (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራ)፤ ቋሚው ጅራት 18 ቁመት በ15፣ የኋላው 6 ሴንቲሜትር ረደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመራ)። የሞተሩን ሰሌዳ ከ4 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቁረጡና ወደ ታች 2 ዲግሪ፣ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ አጋድሉት። ጎማዎቹ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር ይሁኑ፤ የድሬ ሜዳ አሸዋና ጠጠር ነው፣ ትንሽ ጎማ ይቀበራል።

ሁሉም ሲገጠም ከ750 እስከ 850 ግራም ቢመዝን ጥሩ ነው። ኪሎ ከደረሰ ሙጫ አብዝታችኋል።

ክንፎቹን ማቆምና ክሩን መወጠር

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለዚህ ይሰጥ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ ካዘነበለ ከእግሩ ሥር ካርቶን እየጎሰጎሳችሁ አስተካክሉ። አካሉን መሐሉ ላይ ሳይነቃነቅ አስሩት። ታችኛውን ክንፍ ከአካሉ ሥር አጣብቁና ሁለት ነገር ለኩ፦ ከጠረጴዛው እስከ ግራ ጫፍና እስከ ቀኝ ጫፍ ከፍታው እኩል መሆኑን፣ ከጅራቱ መጨረሻ እስከ ሁለቱ ጫፎች ርቀቱም እኩል መሆኑን። ሁለተኛውን በክር ለኩት፤ ክሩን ጅራት ላይ በስፒል ወግታችሁ ወደ አንዱ ጫፍ ወጥሩ፣ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዙሩ። ሜትር ይጎብጣል፤ ክር አያታልልም።

ላይኛው ክንፍ ከታችኛው 18 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ በወርዱ ልክ ማለት ነው። ካነሰ አንዱ የሌላውን አየር ይሻማል። ወደ ፊትም 3 ሴንቲሜትር ይቅደም። መጀመሪያ በካርቶን ሳጥን ደግፋችሁ አስቀምጡትና ግንበኛ እንደሚያደርገው ከላይኛው የፊት ጠርዝ ላይ ቱምቢ ልቀቁ። ቱምቢው ከታችኛው የፊት ጠርዝ 3 ሴንቲሜትር ፊት ለፊት ሊወርድ ይገባል፤ መሐል ላይም፣ ግራ ጫፍም፣ ቀኝ ጫፍም። አንዱ ጫፍ 3፣ ሌላው 4 ካለ ክንፉ ዞሯል፤ አስተካክሉት እንጂ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉት።

አሁን የክንፎቹ አቀማመጥ ዘንበልታ። ሁለቱም ከፊት 2 ዲግሪ ቀና ይበሉ፤ 18 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ የፊት ጠርዙ ከኋላው 6 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ማስመሪያ ይበቃል። ልዩነት መኖሩ ካልቀረ ላይኛው ይብለጥ እንጂ ታችኛው አይብለጥ፤ ፍጥነት ሲያንስ መጀመሪያ ማንሳት የሚያቆመው ከፊት ያለው ክንፍ ከሆነ አፍንጫው ራሱ ይወርድና ፍጥነቱ ይመለሳል። ልኩ ሲረጋ አካሉ ላይ አራት የቀርከሃ ቋሚ፣ 30 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቋሚ፣ ከፊት ጠርዝ በ3 እና በ12 ሴንቲሜትር ላይ። የጎኖቹ ቋሚዎች ወደ 16.5 ሴንቲሜትር ይሆናሉ፤ ግን ክንፎቹ ከቆሙ በኋላ በቦታው ለክታችሁ ቁረጡ። ኮላው አንድ ሌሊት ይደርበት።

ቀጥሎ ክሩ። መጀመሪያ የሚታሰሩት የበረራ ክሮች ናቸው፤ ከታችኛው ክንፍ ሥር፣ ከአካሉ አጠገብ ተነስተው ሰያፍ ወደ ጎን ቋሚው አናት ይወጣሉ። አየር ላይ ክንፎቹ ወደ ላይ ሲገፉ ሸክሙን የሚይዙት እነዚህ ስለሆኑ ከፊትም ከኋላም አንዳንድ፣ በግራም በቀኝም። ቀጥለው የማረፊያ ክሮች፤ ከአካሉ ቋሚ አናት ወደ ጎን ቋሚው እግር ይወርዳሉ፣ መሬት ላይ ዱብ ሲል ክንፉ እንዳይረግፍ። በመጨረሻ በፊትና በኋላ ቋሚው መካከል የኤክስ ቅርጽ ያለው ክር፤ ክንፉ እንዳይጠመዘዝ። ይህን ሦስተኛውን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ያለሱ ግን ያ ሁሉ ልኬት በመጀመሪያው ጠንካራ ማረፊያ ይበላሻል።

አወጣጠሩ በተራ ነው፦ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ክንፉን ጎትታችሁ ታመጡታላችሁ። ኃይል አይፈልግም፤ መርገቡን ካቆመ ይበቃዋል። ከዚያ በአውራ ጣት እያንዳንዱን ክር ጠንቆል አድርጉ። የግራውና የቀኙ አቻ ክር አንድ ዓይነት ድምፅ ካሰሙ እኩል ተወጥረዋል፤ አንዱ ደነዝ ያለ ድምፅ ከሰጠ ቋጠሮውን ፍቱ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ጫፎቹ ላይ ያቺን 6 ሚሊሜትር እንደገና ለኩ። ግራው 6 ቀኙ 8 ካለ አውሮፕላኑ እንደተነሳ ወደ ግራ ይጋደማል፤ እናንተም ሜዳ ላይ ጥፋቱን ሪሞቱ ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሁሉም ልክ ሲሆን ቋጠሮው ላይ ጠብታ ኮላ።

ኤሌክትሮኒክሱና ሚዛኑ

የሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ከስፒድ ኮንትሮለሩ ጋር በየትኛውም ቅደም ተከተል ይገናኛሉ፤ በተቃራኒ ከዞረ ሁለቱን አቀያይሩ። ቤት ውስጥ ስትሞክሩ ፕሮፔለሩ ይውለቅ። ይህ ምክር አይደለም፣ ደንብ ነው፤ 10 ኢንች ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ሁልጊዜ ሪሞቱ መጀመሪያ ይበራል፣ ባትሪው ቀጥሎ ይሰካል፤ ሲጠፋ በተቃራኒው። ሪሲቨሩ ሲግናል ሲያጣ ስሮትሉ ዜሮ እንዲሆን አስተካክላችሁ፣ ሪሞቱን አጥፍታችሁ አረጋግጡ።

የእንቅስቃሴ ልክ፦ ኤለሮን 12 ሚሊሜትር ወደ ላይ 8 ወደ ታች፣ ኤሌቬተር 10 ወደ ሁለቱም፣ ረደር 25። የኤለሮኑ ወደ ታች ያነሰው በምክንያት ነው፤ ወደ ታች የወረደ ኤለሮን ክንፉን ወደ ኋላ ይጎትትና አፍንጫውን ከመዞሪያው ተቃራኒ ያዞረዋል። ድርብ ክንፍ ላይ ይህ ጠባይ ይበረታል።

የክብደት ሚዛኑ ከላይኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ 5.5 ሴንቲሜትር ኋላ ላይ ይሁን። በሁለት ጣት ማንሳት እንደ ነጠላ ክንፍ አይመችም፤ እዚያ መስመር ላይ ከላይኛው ክንፍ ግራና ቀኝ ክር አስራችሁ አንጠልጥሉት። አፍንጫው በጥቂቱ ዘቅዘቅ ካለ ደህና ነው። ባትሪውን ወደ ፊት ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ እንጂ እርሳስ በመጨመር አታስተካክሉ። ልምድ ስታገኙ እስከ 6.5 ትገፉታላችሁ። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አንዴ ይበራል፤ ሁለተኛ ጊዜ የለውም።

ሜዳና ሰዓት

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሲታይ ያጓጓል፤ አሸዋው እንደ ተነጠፈ ነው። ተዉት። ከተማ መሐል ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ሽቦ ያልፍበታል። በክረምት ደግሞ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል የሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ድንገት ይወርዳል፤ የ1998ቱ ጎርፍ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳም። ፈቃዳችሁ ላይ በተጻፈው አካባቢ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ ከባቡር ሐዲዱና ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ገላጣ ሜዳ ፈልጉ። የሜዳው ባለቤት መሬቱ የተመዘገበለት ብቻ አይደለም፤ ፍየልና ግመል የሚያግዱት ሰዎችም ናቸው። ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው፣ ምን እንደሆነ አሳዩአቸው። የደነበረ ግመል የአንድን ቤት ሀብት ይዞ ነው የሚሮጠው።

ሰዓቱ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይግልና አየሩ ይናወጣል፣ የአቧራ አዙሪትም ይነሳል፤ 800 ግራም ለእሱ ምንም አይደለም። ከምሳ በኋላማ፣ አቦ፣ ድሬ በርጫ ላይ ናት፤ እናንተም እዚያው ሁኑ።

ስለ አየሩ አንድ ስሌት። ድሬዳዋ ከባህር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በ35 ዲግሪ ሙቀት አየሯ ከባህር ወለሉ መደበኛ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ስለምትቀዘቅዝ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። በሁለቱም ቦታ ክንፉ ለመነሳት ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩም ሻጩ የጻፈውን ግፊት አይሰጥም። ስለዚህ ውጭ አገር በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ካያችሁት ይልቅ ረጅም ሩጫ ስጡት።

መብረሩ

ሪሞቱን ይዛችሁ ሠላሳ አርባ እርምጃ ራቁና ረዳታችሁ አውሮፕላኑን ይዞ ሁሉም ክፍል ሲታዘዝ ይመልከት፤ ሪሞታችሁ የርቀት መፈተሻ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ፀሐይን ከኋላ አድርጉ፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ስጡት። ስሮትሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ወደ ግራ መሳቡ አይቀርም፤ የሞተሩ መዞር የሚያመጣው ነው፣ በትንሽ ቀኝ ረደር ያዙት። ጅራቱ ሲነሳ ጠብቁ፣ ፍጥነት ይሰብስብ፣ ከዚያ ኤሌቬተሩን ነካ ብቻ። አፍንጫውን ሽቅብ አትስቀሉ፤ በዝግታ ይውጣ።

ከፍታ ከያዘ በኋላ ስሮትሉን ወደ ግማሽ አውርዱና ትሪሙን (ዱላው ሳይነካ ቀጥ ብሎ እንዲበር የሚያደርገውን የሪሞቱን ማስተካከያ) አስተካክሉ። ስትዞሩ ኤለሮንና ረደርን አብራችሁ ስጡት፤ ኤለሮን ብቻ ከሰጣችሁት አፍንጫው እየተንሸራተተ ቅርጹ የተበላሸ መዞር ይሆናል። ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ያኔ ማሰብ አያስፈልግም፣ የወረደው ክንፍ ወዳለበት ጎን ዱላውን ግፉ፣ ይቃናል። ጭልፊት ከመጣች ራቁ። ሰዓታችሁን 6 ደቂቃ ላይ ሙሉት፤ ባትሪው ከዚያ በላይ ቢኖረውም ለሁለተኛ የማሳረፍ ሙከራ የሚሆን ይቅርለት።

ማሳረፉ ላይ ነው ነጠላ ክንፍ የለመደ የሚሳሳተው። ስሮትል ዘግቶ እየተንሳፈፈ ይመጣልኛል ይላል። ድርብ ክንፍ አይንሳፈፍም፤ ቋሚውና ክሩ ፍጥነቱን ይበሉታል፣ ከጉልበት ከፍታ ላይም ዱብ ይላል። ሩብ ስሮትል እንደያዛችሁ፣ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ይዛችሁ አምጡት። ጎማዎቹ መሬቱን ሊነኩ ሲሉ ብቻ ስሮትሉን ዝጉና ኤሌቬተሩን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። አቀራረቡ ካላማራችሁ ቀድማችሁ ስሮትል ጨምራችሁ ዙሩ።

ሁለተኛ ባትሪ ከመሰካታችሁ በፊት ክሮቹን በጣት ጠንቁሉ፣ የቋሚዎቹን እግር ነካ ነካ አድርጉ፣ የሞተሩን ብሎኖች በካቻቢቴ አጥብቁ። የወረደውን ባትሪ ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሊፖ አብጦ ሊቃጠል ይችላል። እስኪቀዘቅዝ አትሙሉት፤ ሲሞላም በ2.2 አምፔር፣ ሰው እያየው፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ። ለሳምንት የማትበሩ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከ3.5 በታች የወረደ ሴል ካገኛችሁ ሲሞላ ከሌሎቹ ሁለት ሴሎች ጋር እያመሳከራችሁ ተከታተሉት፣ ያበጠ ባትሪ ግን ዳግመኛ አትሙሉ።